ጅብ ፈርተን ከሰል ታቅፈን አንተኛ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች እየተመሳሰሉ መጥተዋል። «ዶክተር፣ ልጆቹን ይዘን ላንጋኖ ድንኳን ተክለን ልናድር ነው፤ ምን መድኃኒት እንያዝ?» «የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ውጭ ማደር ይቻላል?» «ጅብ አይመጣም ወይ?» «እባብስ?»

ጥያቄው ራሱ ደስ ይለኛል። ልጆቻችን ከስልክ ላይ ዓይናቸውን ነቅለው ኮከብ የሚያዩበት ሌሊት ማግኘታቸውን እንደ ሐኪምም እንደ ወላጅም እደግፋለሁ። ግን ጥያቄዎቹን ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ታዘብኩ። ስለ ጅብ ሃያ ሰው ይጠይቀኛል፤ ስለ ከሰል የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ስለ እባብ ሁሉም ይጨነቃል፤ ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን እግራችንን ስለሚበላን ትንኝ ግን ማንም አያነሳም።

የዛሬው ጽሑፌ ይኼው ነው። ካምፒንግ ስንወጣ የምንፈራው ሌላ፣ የሚጎዳን ሌላ። ፍርሃታችንን ቦታ ቦታውን ብናስይዘው ጉዞው የበለጠ ደስ ይላል፤ ሁላችንም በሰላም እንመለሳለን።

መጀመሪያ አንድ ታሪክ

ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ማንነታቸውን ሳልገልጽ ነው የምነግራችሁ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። በጥቅምት ወር፣ ልጆቹን ከከተማ ጫጫታ እናውጣቸው ብለው አዳሚ ቱሉ ወዳለው የአጎታቸው እርሻ ሄዱ። ከመስኖ ከሚለማው የቲማቲም ማሳ አጠገብ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቁ ድንኳን ተከሉ። ሁለት ሌሊት አድረው ተመለሱ። ልጆቹ እስከዛሬ የሚያወሩት ጉዞ ሆነ።

ከተመለሱ በ13ኛው ቀን የስድስት ዓመቷ ልጅ ትኩሳት ጀመራት። በአቅራቢያቸው ወዳለ ክሊኒክ ወሰዷት። የሁላችንም የታወቀ በሽታ፣ «ታይፎይድ ነው» ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጣት። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ደግሞ ይመጣል። አምስት ቀን ካለፈ በኋላ እኔ ጋ ይዘዋት መጡ። ልጅቷ ገርጥታለች፤ ስትመጣ እናቷ ላይ ተደግፋ ነበር።

«ከከተማ ወጥታችሁ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ኧረ አልወጣንም ዶክተር» አለች እናት።

አባትየው ትንሽ አሰበና «እ… አዳሚ ቱሉ ሄደን ነበር እንጂ። ግን ለሁለት ቀን ብቻ ነው እኮ» አለ።

ደሟ ሲታይ ወባ ነው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታክማ ድናለች። እናትየው ግን የተናገረችው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። «ዶክተር፣ ጅብ ይመጣል ብዬ ሁለቱንም ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ባትሪ ይዤ በር በሩን ሳይ ነው ያደርኩት። ለካ የገባው በሌላ በኩል ነው።»

ይህች እናት ሰነፍ አይደለችም። ሁለት ሌሊት ሙሉ ልጆቿን ጠብቃለች። የጠበቀችው ግን የተሳሳተውን በር ነው። እኔ ደግሞ ትክክለኛዎቹን በሮች ላሳያችሁ። አራት ናቸው፦ ከሰል፣ ውሃ፣ ትንኝ እና መንገድ።

1. ከሰል፦ የማይሸተው ገዳይ

ከሰልን መጀመሪያ ያደረግሁት በአንድ ሌሊት መላ ቤተሰብ ሊጨርስ ስለሚችል ነው።

እስቲ አስቡት። ቀን ሲያቃጥለን ውሎ በስምጥ ሸለቆ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። ቡና ተፈልቷል፤ ማንደጃው ላይ ፍም ቀርቷል። ትንሹ ልጅ ይንቀጠቀጣል። አንዱ አዋቂ ይነሣና «ጭሱ እኮ ወጥቶለታል፣ ፍም ብቻ ነው፣ ምንም አይልም» ብሎ ማንደጃውን ወደ ድንኳኑ ያስገባል። ዚፑን ይዘጋል። ሁሉም ሞቆት ይተኛል።

የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም። የቀላው፣ ጭስ የሌለው ፍም ጋዙን በደንብ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደማችንን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ነው፤ ሰውነቱ ግን ታፍኗል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳይሰማው በዚያው ያልፋል።

«ትንሽ ክፍተት ትተንለታል» የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም። በረንዳ ያለው ድንኳን ከሆነ፣ በረንዳውም ድንኳን ነው። የጋዝ ምድጃ፣ የላምባ ምድጃ፣ ጄኔሬተር፣ ሁሉም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። የሚነድ ነገር ድንኳን ውስጥ አይገባም። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ቡናው ይቅር እንጂ ማንደጃው አይገባም። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም።

ምልክቶቹን ግን ዕወቋቸው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት ማጣት፣ ግራ መጋባት። በተለይ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «ራሴን አመመኝ» ካለ «ምሳው ነው» አትበሉ። ወዲያውኑ ሁሉንም ሰው ወደ ክፍት አየር አውጡ፤ ራሱን የሳተ ወይም ግራ የተጋባ ካለ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ታዲያ ብርዱንስ? ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው። መሬቱ ላይ ሸራ፣ በላዩ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። ልጆቹን ደረቅ ልብስ፣ ካልሲና ኮፍያ አልብሷቸው። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር አድርጉላቸው። ጋቢም አለን አይደል? ጋቢ ከማንደጃ ይሻላል።

2. ውሃ፦ ሐይቆቹ አንድ አይደሉም

«ላንጋኖ ቢልሃርዝያ የለበትም» የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ላንጋኖ ለረጅም ዓመታት በዚህ ይታወቃል፤ ለዋና የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ችግሩ «ላንጋኖ ደኅና ነው» የሚለው ወሬ በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ «ሐይቅ ሁሉ ደኅና ነው» ወደሚል መቀየሩ ነው።

በመንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባቱ (ዝዋይ) እናርፋለን። ዓሣ ጥብስ እስኪደርስ ልጆቹ ጫማ አውልቀው ዳር ዳሩን ይንቦጫረቃሉ። የዝዋይ ሐይቅ ግን ቢልሃርዝያ ያለበት ሐይቅ ነው። የበሽታው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ከዚያ በጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። መዋኘትም፣ መዋጥም አያስፈልገውም። እግር ነክሮ መቆም ይበቃዋል። ቀንድ አውጣው ደግሞ የሚወደው ሣርና ቄጠማ ያለበትን ረጋ ያለ የዳር ውሃ ነው፤ ልክ ልጆች የሚጫወቱበትን።

ስለዚህ ዝዋይ ላይ ጀልባ ተሳፈሩ፣ ወፎቹን አሳዩ፣ ዓሣውን ብሉ፤ ውሃው ውስጥ ግን አትግቡ። ጉማሬም አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በውሃውና በግጦሹ መካከል ድንኳን የተከለ ሰው መንገድ ዘጋበት ማለት ነው። ቦታ ስትመርጡ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ «ማታ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» በሉ። ከእኛ በላይ ያውቃሉ።

ከገባችሁስ? ቶሎ ውጡ፣ ገላችሁን በፎጣ አጥብቃችሁ አድርቁ። ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ መድኃኒት አለው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሕክምና ነው። ካልታከመ ግን ዓመታት ቆይቶ ጉበትን ይጎዳል።

አሁን ወደ ላንጋኖ እንመለስ። ላንጋኖ ላይ የሚያስፈራኝ ትሉ አይደለም፤ የውሃው ቀለም ነው። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ያ ማለት አንድ ልጅ ጉልበታችሁ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቢሰምጥ፣ አጠገቡ ቆማችሁም አታዩትም። በፊልም እንደምናየው እየጮኸና እጁን እያወራጨ የሚሰምጥ ልጅ ጥቂት ነው። አብዛኛው ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሄደው።

እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ተረኛ ጠባቂ። ከአዋቂዎቹ አንዱ ለ20 ደቂቃ ጠባቂ ይሆናል። ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይጠጣም፣ ወሬ አይጀምርም። ተራው ሲያልቅ «አሁን ያንተ ነው» ብሎ በስም ያስረክባል። አሥር አዋቂ ዳር ላይ ተቀምጦ ልጅ የሚሰምጠው፣ እያንዳንዱ «ሌላው እያየ ነው» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ትንንሾቹ ክንዳችሁ ከሚደርስበት አይራቁ። የሚነፋ ጎማና የክንድ ፊኛ መጫወቻ ናቸው፤ ሕይወት አያድኑም። የሚያድነው በልክ የተገጠመ የሕይወት አድን ጃኬት ነው፤ ጀልባ ላይ ያለእሱ አትሳፈሩ።

ልጅ ከውሃ ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቃችሁ አታንጠልጥሉት፣ ሆዱንም አትጫኑ። በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ ተንፍሱለት። ምንም ለውጥ ከሌለ የደረቱን መካከል 30 ጊዜ በፍጥነት ተጫኑ፣ ሁለት ጊዜ ተንፍሱ፣ እንዲህ እያላችሁ እርዳታ እስኪመጣ ቀጥሉ። ነቅቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው።

ሻላን በተመለከተ አጭር ቃል፦ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ዳሩ ላይ የሚፈላ ፍልውሃ አለ። ለማየት ድንቅ ነው። ልጅ እጁን ተይዞ የሚያየው እንጂ የሚሮጥበት ቦታ አይደለም።

3. ትንኝ፦ «ለሁለት ቀን ብቻ ነው እኮ»

ወባ ቀን አይቆጥርም። አንድ ንክሻ ይበቃታል።

አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወባ በአብዛኛው የሚራባው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። አዳሚ ቱሉ፣ ባቱ፣ መቂ፣ ላንጋኖ ሁሉም 1,600 ሜትር ዙሪያ ናቸው። የከተማ ልጆቻችን ወባን የለመደ ሰውነት የላቸውም። ሲይዛቸው ጠንክሮ ሊይዛቸው ይችላል። አዳማ የምትኖሩም ብትሆኑ «እኛ ለምደነዋል» አትበሉ።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ወባ የምትበረታው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ ሲያሸበርቅ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ማለትም እኛ «አሁን ነው መውጣት!» በምንልበት ሰዓት። መስኖ ባለበት ቦታ ደግሞ ውሃው ስለማይደርቅ በበጋም ትንኝ ይኖራል። ከማሳ ዳር ድንኳን መትከል ጥሩ ሐሳብ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። የስምጥ ሸለቆዋ የወባ ትንኝ ሁልጊዜ እስክንተኛ አትጠብቅም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ እሳት አንድደን በቆሎ እየጠበስን፣ እግራችን ተራቁቶ በተቀመጥንበት ሰዓት ትነክሰናለች። አጎበር ከመተኛታችን በፊት ያለውን ሰዓት አይሸፍንም። ስለዚህ፦

• ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ልጆቹን ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌና ካልሲ አልብሷቸው። ነጣ ያለ ቀለም ቢሆን ጥሩ ነው።
• ዲት የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት ተጠቀሙ፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለው ይበቃል። ለልጅ እናንተ ቀቡት፤ እጁን፣ ዓይኑንና አፉን አትቀቡ። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሆንም፤ ለእሱ አጎበር ነው።
• የድንኳኑ መረብ ሳይቀደድ መሆኑን ቤት ሳላችሁ አረጋግጡ። ዚፕ ሲመሽ ይዘጋል። መረብ ከሌለው አጎበር ይግባበት።
• ነፍሰ ጡር እናትና ሕፃን ልጅ በወባ ወቅት ቆላ ማደሩን ቢያቆዩት እመርጣለሁ። የግድ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ስለ መከላከያ መድኃኒት አማክሩ። ጎረቤት የተረፈውን መድኃኒት መዋጥ መከላከያ አይደለም።

4. መንገድ፦ ጉዞው ከቤት በር ይጀምራል

ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ፤ ግን አናደርገውም። የፍጥነት መንገዱ ጥሩ ነው ብሎ ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳት ፍቅር አይደለም። በድንገት ፍሬን ሲያዝ የማንም ክንድ ልጅን አይዝም። ልጅ ኋላ ይቀመጣል፣ ቀበቶ ይታሰራል፣ ትንሽ ከሆነ የልጅ መቀመጫ ይገዛለታል። ከፍጥነት መንገዱ ስትወጡ ከብት፣ አህያ፣ ጋሪና ባጃጅ ይጠብቃችኋል። ሲመሽ አትንዱ። እሑድ ማታ በድካምና በእንቅልፍ ከመመለስ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጊዜ መነሣት ይሻላል። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ የማታውቁት ሜዳ ላይ ሳይሆን ጥበቃ ባለበት ግቢ እደሩ። ሪዞርቶች ድንኳን ለሚተክል ሰው ቦታ የሚያከራዩበት አሠራር አላቸው።

ከአራቱ በኋላ፣ አነስ አነስ ያሉት

*ቁልቋል።* አዳሚ ቱሉ በኦሮምኛ «የቁልቋል ኮረብታ» እንደማለት ነው፤ አዳማም ስሟን ከዚሁ ተክል እንዳገኘች ይነገራል። ስሙ ውስጥ ያለው ነገር ሜዳውም ላይ አለ። ልጆች ቅርንጫፉን ሲሰብሩት ነጭ ወተት ይወጣል። ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ በኃይል ያቃጥላል፤ የዓይን ብሌንን ሊጎዳ ይችላል። ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ቁልቋል ለማገዶም አታድርጉት።

*የእርሻ ቦታ ጄሪካን።* የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም። የራሳችሁን ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለመጠጥና ለማብሰል ለአንድ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር አስቡ። ልጆች ከማሳ ቲማቲም ቀጥፈው ሳይታጠብ አይብሉ። አንዳንዶቻችሁ ስለ ፍሎራይድ ትጠይቁኛላችሁ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፣ ጥርስ ያበልዛል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ጉዳቱ ግን በዓመታት የሚመጣ ነው፤ ለሁለት ቀን አትጨነቁበት።

*ምግብ።* ክትፎ መኪና ውስጥ አምስት ሰዓት አይጓዝም። አያቶቻችን ለመንገድ ምን ይይዙ ነበር? በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። የማይበላሽ ስንቅ ያውቁ ነበር። ትኩስ የሚበላ ከሆነ እዚያው አብስላችሁ እዚያው ጨርሱት፤ የተረፈውን ጥብስ ለጠዋት አታሳድሩ። ሳሙና አትርሱ። ልጅ ቢያስቀምጠው ኦ አር ኤስ፣ በተለምዶ ለምለም የምንለውን፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት።

*ቃጠሎ።* ጀበናና ድስት መሬት ላይ ሲሆኑ የልጅ መሮጫ ላይ ናቸው ማለት ነው። እሳቱ ዙሪያ ድንጋይ ደርድሩ፣ «ከዚህ አይታለፍም» በሉ። ከተቃጠለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ቡና… ኧረ በፈጠራችሁ! ቁስሉን ያመረቅዛል እንጂ አያድንም።

*እባብና ጊንጥ።* ይኸው ደረስንበት! ድንጋይና የእንጨት ክምር በባዶ እጅ አታንሡ፣ ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት አራግፉ፣ ማታ ያለ ባትሪና ያለ ጫማ አትውጡ። የተነደፈ ሰው ካለ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አታስሩት። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል። *ጅቡስ?* የምግብ ትራፊና አጥንት ድንኳን አጠገብ አትተዉ፣ ምግብ መኪና ውስጥ ቆልፉ፣ ልጆችን መካከል አስተኙ። ይኸው ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ፦ ዋናው ዓረፍተ ነገር

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ጉዞው ቤት ስትገቡ አያልቅም። የወባ ትኩሳት ከተነከስን በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት፤ ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጉዞው ተረስቷል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ «ጉንፋን ነው» ይባላል።

ስለዚህ ከቆላ ከተመለሳችሁ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ውስጥ ማንም ሰው ትኩሳት ከመጣበት፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት፦ «ስምጥ ሸለቆ አድረን ነበር፤ ደማችንን ለወባ እዩልን።» ምርመራው ርካሽ ነው፤ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። «ታይፎይድ ነው» ከተባላችሁ በኋላም ቢሆን ጠይቁ። ሐኪም ቅር አይለውም፤ ቅር ቢለውም ይቅር ይበላችሁ። ወባ ከሆነ የታዘዘላችሁን እስከ መጨረሻው ጨርሱ፤ ሲሻላችሁ አታቋርጡ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ ወይም ካንዘፈዘፈው ሌሊትም ቢሆን ጠዋትን አትጠብቁ።

ለባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ትኩሳት ይዞት ለመጣ የከተማ ልጅ «የት ነበርክ?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም። ያቺን የስድስት ዓመት ልጅ አምስት ቀን ያንገላታት ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ ነው።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ካለ ቤት አንቀመጥም?»

የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሴ «አይ፣ ሂዱ!» ነው።

ቤት መቀመጥም በሽታ አለው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ዓይን፣ የማይሮጥ እግር፣ ከወላጁ ጋር ሳያወራ የሚያድግ ልጅ። እነዚህ ግን አንድ ሌሊት ትኩሳት ሆነው ስለማይመጡ አንፈራቸውም። «ካምፒንግ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉም አሉ። ወገን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሜዳ ላይ ልጅ አዝሎ የሚያድረው ሕዝብ ፈረንጅ ነው እንዴ? ከጥንት ጀምሮ ውጭ ስናድር የኖርን ሰዎች ነን። የረሳነው ጥንቃቄውን ነው።

ያ ቤተሰብ ዘንድሮም ሄዷል። እናትየዋ ፎቶ ልካልኛለች። ድንኳኑ ከማሳው ርቋል፣ ልጆቹ ካልሲ አድርገዋል፣ ማንደጃው ውጭ ነው። ከሥሩ «ዶክተር፣ ዘንድሮ ተኛሁ» ብላ ጽፋለች።

እንድትተኙ ነው የምፈልገው። ማንደጃው ውጭ፣ ትንኟ ውጭ፣ ልጆቹ ውስጥ ሆነው።

ለጉዞ ለሚነሣ ወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉለት። እናንተ ካምፒንግ ስትወጡ ያጋጠማችሁን ደግሞ በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ከእናንተም እንማራለን።

መልካም ጉዞ፣ መልካም እንቅልፍ።